ቅሬ ከቀብር በፊት

  

 ዛሬ የምናገረው ስለ ከሚሴ አረጋውያን ረሃብ ነው። ከዋናው አስፓልት ጥቂት ገባ ብላችሁ በየጓሮው ብታንኳኩ ቀኑን በቡናና በቁራሽ ቂጣ የሚያሳልፉ አባቶችንና እናቶችን ታገኛላችሁ። አይለምኑም። አደባባይ አይወጡም። ስለዚህም አይታዩም።

እኛ ወሎዬዎች ረሃብ ሲባል ሐሳባችን ወዲያው ወደ ድርቅ ይሄዳል። አይፈረድብንም። የ1965 እና የ1966ቱን እልቂት በዓይኑ ያየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። በ1977 ባቲ ከኮረም ጋር ስሟ በዓለም ሲጠራ፣ ሜዳዋ የረሃብተኛ መጠለያ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ የ25 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ 65ን አልፏል። እንግዲህ አስቡት፤ ዛሬ በየጓሮው የሚራበው ከዚያ ረሃብ በሕይወት የተረፈው ትውልድ ነው። በወጣትነቱ ያመለጠው ነገር በእርጅናው ደርሶበታል፤ አሁን ደግሞ የሚሸሽበት ጉልበት የለውም።

የአሁኑ ረሃብ ግን ዝናብ እየዘነበም የሚመጣ ነው። ገበያው ማሽላ፣ ጤፍና በቆሎ ሞልቶት፣ የጨፋ ሸለቆ በመስኖ አትክልት ለምልሞ፣ የጭነት መኪናው በከተማችን መሃል እያለፈ ይራባሉ። ይህ ለብዙዎቻችን እንቆቅልሽ ይመስለናል። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እንቆቅልሹን የፈታው በእኛው አገር ታሪክ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የወሎን ረሃብ በስፋት መርምሯል። ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ወቅት የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የሚጠበቀውን ያህል አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው ማሳው ሲደርቅበትና በሬው ሲሞትበት የሚሸጠው ነገር አጣ፤ የሚሸጥ የሌለው ደግሞ አይገዛም። አፋሩ አርብቶ አደርም ከብቱ ማለቁ ሳያንስ የተረፈችው ከብት ገበያ ወጥታ የምታመጣለት እህል አነሰ። እህል ባለበት አገር ሰው አለቀ ማለት ነው።

የእኛን አረጋውያን ረሃብም በዚሁ ዓይን እንየው። ጥያቄው "ከሚሴ ውስጥ ምግብ አለ ወይ?" አይደለም፤ አለ። ጥያቄው ያ ምግብ አንድ ብቻውን የሚኖር የ75 ዓመት ሰው ቤት የሚደርሰው በየትኛው መንገድ ነው የሚለው ነው።

አንደኛው መንገድ ጉልበት ነበር፤ ተሸክሞ፣ አርሶ፣ እንጀራ ጋግሮ ሸጦ፣ ልብስ አጥቦ መብላት። ወገብ ሲጎብጥ ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህኛው ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ሁለተኛው ጡረታ ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጡት የጡረታ አዋጆች፣ ቁጥር 1267 እና 1268፣ የመንግሥት ሠራተኛውንና በድርጅት የተቀጠረውን ያቅፋሉ። የእኛ አገር ሰው ግን ዕድሜውን የገፋው በእርሻ፣ በከብት፣ በችርቻሮና በቀን ሥራ ነው። ጡረታ የሚቆረጥበት ደሞዝ አልነበረውም፤ ስለዚህ በ60 ዓመቱ የሚከፈለው የለም።

ሦስተኛው መንገድ ልጅ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብን፤ የከሚሴና የባቲ ነገር ከሌላው አገር የሚለየው በዚህ ነው። የስንት ቤት ልጅ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። የሚልኩት ገንዘብ ብዙ ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሷል፤ ብዙ እናት አስታሟል። ግን ይህ ገንዘብ ባንድ ቀን ይቆማል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ በየቤታችን የጎደለውን የምናስታውስ ነን። ልጅቷ ደሞዟ ተይዞባት ይሆናል፤ ታስራም ይሆናል፤ ስልኳ አይሠራም። እናት ግን የእርዳታ ምዝገባ ሲመጣ "ልጅዎ ጅዳ አይደለች እንዴ?" ተብለው ይታለፋሉ። መዝገቡ ላይ ረጂ አላቸው፤ ሞሰባቸው ውስጥ ግን ምንም የለም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የተሰደደው ልጅ የተወላቸውን የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። እናንተም እንደምታውቁት አያት ያለችውን ለልጅ ልጇ ታጎርሳለች እንጂ አትሻማም። ሕፃኑ ትምህርት ቤት የሚሄደው የአያቱን ምሳ በልቶ ነው።

ሕጉ ልጅ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የወለደችውን ልጅ ለቀለብ ፍርድ ቤት የምትገትር እናት በእኛ አገር ስንት ናት? ልጁ ቢመጣም የሚሰጠው የሌለው ሲሆንስ? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ግጭቱና ጦርነቱ በዚህ አካባቢ ሲያልፍ የብዙ ወጣት ሱቅ፣ ከብትና ጎተራ ይዞ ነው የሄደው። ወላጁን ይረዳ የነበረው ራሱ ረጂ ፈላጊ ሆኗል።

እሺ፣ እርዳታ መጣ እንበል። በአገራችን የተለመደው የእርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው ለወር 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ይህን ራሽን የተቀበሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት በሐሳባችሁ ያዙልኝ። ስንዴው በጥሬው ነው የሚሰጠው። ከማከፋፈያው እስከ ቤት መሸከም አይችሉም፤ ስለዚህ ለባጃጅ ወይም ለተሸካሚ ይከፍላሉ። ብር ስለሌላቸው ከስንዴው ሰፍረው ይሸጣሉ። ቤት ሲደርስ መለቀም አለበት፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ጠጠሩን በጣት እየዳሰሱ ነው የሚያወጡት። ከዚያ ወፍጮ ቤት፤ ለወፍጮውም ይከፈላል፤ አሁንም ከስንዴው ይሸጣል። ዱቄቱ ቤት ሲገባ ውኃ ያስፈልጋል፤ ጄሪካን ማን ይሸከም? እንጨትና ከሰል ያስፈልጋል፤ በምን ይገዛ? ጎንበስ ብሎ ምጣድ ላይ መጋገር የወገብ ሥራ ነው። ስለዚህ እንጀራው ይቀርና በሦስት ቀን አንዴ ወፍራም ቂጣ ይጋገራል። በማግስቱ ቂጣው ይደርቃል። ጥርስ የላቸውም። ሻይ ካለ በሻይ፣ ከሌለ በውኃ እየነከሩ ይውጡታል። በመዝገቡ 15 ኪሎ ተቀብለዋል፤ ሆዳቸው የገባው ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ዘይቱንም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ለሳሙናና ለጨው ይለውጡታል።

ይህን ያህል በዝርዝር የተናገርኩት ስለ አረጋውያን ረሃብ ስናወራ ሁልጊዜ ኩንታል ስለምንቆጥር ነው። ለጎልማሳ ቤት ስንዴ ምግብ ነው። ለ80 ዓመት ሰው ግን ስንዴ ገና ያልተሠራ ሥራ ነው።

የአረጋዊ ገላም የራሱ ጠባይ አለው። ዕድሜ ሲገፋ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ጥማትም ቶሎ አይሰማም፤ ይህ ደግሞ እንደኛ ባለ ሞቃት አገር አደጋ ነው። ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻ እንዳይሟሽሽ አረጋዊ ሰው ለክብደቱ የሚያስፈልገው ገንቢ ምግብ ከወጣቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። "ሽማግሌ ትንሽ ይበቃዋል" የምንለው ነገር ትልቅ ስህተት ነው። ትንሽ ይብላ፣ ግን ያቺ ትንሽ ምግብ ፍሬ ያላት ትሁን፤ በወተት የተሠራ የማሽላ አጥሚት፣ በደንብ የበሰለ ሹሮ ፍትፍት፣ እንቁላል ሲገኝ እንቁላል። ማሾ በዚሁ አካባቢ ይበቅላል፤ ተከክቶ ሲቀቀል ጥርስ አይጠይቅም፤ ገንቢ ነው። አብዛኛው ግን ለውጭ ገበያ ተጭኖ ይሄዳል። በዚያ ላይ ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ አሉ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰድ ስኳሩን ከልክ በታች አውርዶ ራስ ያስታል። እንዲህ ወድቀው የተገኙ ሲኖሩ "እርጅና ነው" እንላለን። ክንዳቸው ሲከሳ "እርጅና ነው"፤ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታቸው "እርጅና ነው"። ስንቱን ረሃብ በዚህ ቃል እንደቀበርን አላህ ነው የሚያውቀው።

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ እዚህ አላችሁ። የሕፃንና የነፍሰ ጡር ክንድ የምትለኩበትን ሜትር ታውቁታላችሁ። ለአዋቂ የሚሆነው ሜትር የአረጋውያንንም ክንድ ይለካል። ጀርባው የጎበጠ ሰው ቁመቱ በትክክል ስለማይለካ ከሚዛኑ ይልቅ ክንዱ ይናገራል፤ በአረጋውያን እርዳታ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከ21 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነን ክንድ የረሃብ ምልክት አድርገው ይወስዱታል። ቤት ለቤት ስትሄዱ ያቺን ሜትር በጓዳ ለተኙት አያትም አውጧት።

መንግሥትስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በገጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት አለ፤ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ያለ ሥራ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ አለው። በከተማ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት 11 ከተሞችን ይዞ ሲነሳ ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ነበረች። በዕቅዱ ከተጠቃሚው ከመቶ 84ቱ በሥራ፣ 16ቱ በቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፉ ነበር የታሰበው፤ ያ 16 ውስጥ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎችም አሉ። ይህን ሥራ አላጣጥልም፤ የደረሰበት ቤት ተደርሶለታል። ግን ፕሮጀክት ዘመን አለው፤ የሚያልቅበት ቀን ተጽፎ ነው የሚጀመረው። እርጅና እንዲህ አይደለም።

ስለዚህ ከሌሎች አፍሪካውያን አንድ ነገር እንማር። ሌሶቶ ተራራማ፣ ትንሽና ደሃ አገር ናት። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ጡረታ ለሌለው የ70 ዓመት ሰው በየወሩ ገንዘብ ትሰጣለች። ዛንዚባር በ2016፣ ኬንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ለ70 ዓመት ሰዎቻቸው እንዲሁ አደረጉ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ዋናው ነገር "ልጅዎ የት ነው?" ብሎ አለመጠየቁ ነው፤ ልጅን ሳይሆን ዕድሜን ነው የሚቆጥረው። የእኛም አገር አንድ ቀን ወደዚህ መድረስ አለባት፤ የምክር ቤት ተወካዮቻችሁን ስታገኙ ይህን ጠይቁልኝ። እስከዚያ ድረስ ግን ሰው መብላት አለበት።

አዲስ አበባ ውስጥ በቅርብ ዓመታት ተስፋ ብርሃን የሚባሉ የምገባ ማዕከላት ተከፍተዋል። መቄዶንያ የሚባለው የመርጃ ማዕከልም በአቶ ቢኒያም በለጠ መሪነት ከየመንገዱ የወደቁትን እያነሳ በሺዎች የሚቆጠሩትን ይጦራል። አላህ ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ነገር ግን "ለከሚሴም ማዕከል ይሠራ" ብሎ ከዚህ አዳራሽ መውጣት ይቀለናል ብዬ እሰጋለሁ። ወደ ምገባ ማዕከል የሚደርሰው መራመድ የሚችል ሰው ነው። የእኛዎቹ ደግሞ ቤት አላቸው፣ ጎረቤት አላቸው፤ የጎደላቸው በየቀኑ የሚደርስላቸው እጅ ነው። እድሜ ልካቸውን ከኖሩበት ሰፈር መነቀልንም አይፈልጉም።

እጁ ግን አለን። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከሚሴ 19 ሺህ 420 ሰው ነበራት። በአገር ደረጃ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ከመቶ 5 ገደማ ነበር፤ በዚያ ምጣኔ የከተማችን አረጋውያን 1 ሺህ አይሞሉም ነበር ማለት ነው። ከተማችን ከዚያ ወዲህ በጣም አድጋለች፤ ቁጥሩን እጥፍም ሦስት እጥፍም አድርጉት። ከእነሱም ሁሉም አይራብም። የተቸገሩት በስም ሊጠሩ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። አሁን ደግሞ ሌላ ስሌት ልጨምር። ዘካተል ፊጥር ለአንድ ነፍስ ወደ 2 ኪሎ ተኩል እህል ነው። በዚያው የድሮ የሕዝብ ቁጥር ብናሰላው ከ480 ኩንታል በላይ ይሆናል። በወር በ15 ኪሎ ሒሳብ ይህ ከ260 በላይ ሰው ለዓመት ይቀልባል። ፊጥራ ከኢድ ሶላት በፊት መሰጠት ያለበት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎተራ ይግባ እያልኩ አይደለም። መጠኑን እንድታዩት ነው። የእህል ዘካ ደግሞ ከዚህ ይሰፋል፤ በዝናብ ከበቀለው ከ10 አንድ፣ በሞተር ውኃ ተስቦ ከበቀለው ከ20 አንድ። ጨፋ ላይ ስንት ኩንታል እንደሚታፈስ ገበሬዎቻችን ያውቁታል።

ችግሩ ወቅቱ ነው። ሰደቃችን በረመዳንና በአረፋ ይጎርፋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ወቅቱን ይዞራል፤ የረሃብ ወር ግን አይዞርም። ማሽላው ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጎተራው ይራቆታል። በኢድ ቀን ሦስት ቤት ሥጋ የላከላቸው አባት ነሐሴ ላይ በራቸውን የሚያንኳኳ የለም። የዘካ ኮሚቴዎች የተቸገረን አረጋዊ የዓመት ቀለብ እንዴት አድርገው በወር በወር ሊያደርሱት እንደሚችሉ ዑለማዎቻችን መንገዱን እንዲያሳዩን እለምናለሁ፤ ይህ የእነሱ ዕውቀት እንጂ የእኔ አይደለም።

የማድረሱን ሥራ ግን ለማን እንደምሰጠው አውቃለሁ፤ ለቀብር መረዳጃችን ለቅሬ። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ማን ይደርሳል? ጥሪው ከተሰማ በኋላ ሰዓት አይቆይም። ወንዱ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ሴቷ ጄሪካኗን ተሸክማ፣ እንጀራዋን በሞሰብ ይዛ ትመጣለች። ድንኳን ይተከላል፤ ሐዘንተኛው ምድጃ ሳይለኩስ ቀናት ይበላል። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ናቸው። ሀብታምና ደሃ አይለይም፤ የቀረ ይቀጣል። እንግዲህ እኚያ የእርዳታ ስንዴ የተቀበሉት እናት በነሐሴ ሲርባቸው ያጡት ነገር ሁሉ፣ ውኃው፣ እንጨቱ፣ የተጋገረው እንጀራ፣ የሚሸከመው ጉልበት፣ ሲሞቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጃፋቸው ይደረደራል። እርሳቸው ግን አይበሉትም። ወገኖቼ፣ ይህ ያንገበግበኛል። አቅሙ አለን፤ ሥርዓቱ አለን፤ ቀኑን ብቻ ነው ያሳለፍነው።

ቅሬ በሕይወት ላለው አረጋዊም ይቁም ስል የማስበው ነገር ከባድ አይደለም። እህሉ በጥሬ አይሰጥ፤ ቅሬው ባንድ ላይ ያስፈጨው፤ ወፍጮውን ይክፈል። ብቻውን ለሚኖር ደግሞ ዱቄትም አይስጥ፤ በአቅራቢያው ያለችው ጎረቤት ስትጋግር የእርሱንም ትጋግርለት፤ ዱቄቷን ቅሬው ይተካላት። በየሰፈሩ ለውኃ ሁለት ወጣት ይመደብ። ክንድ የምትለካዋ እህታችን ሁለት ወር በሁለት ወር ከቅሬው ሴቶች ጋር ትዙር። ሳዑዲ ያሉት ልጆቻችን ለቀብርና ለድንኳን ሲያዋጡ ኖረዋል፤ ለዚህ ቢጠየቁ እምቢ ይላሉ ብዬ አላምንም። የቅሬው ዝርዝር ወደ ቀበሌና የተቸገሩትን ወደሚደግፈው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት ይሂድ፤ "ልጃቸው ጅዳ ናት" የሚለውን ወሬ የሚያጣራው ጓዳቸውን የሚያውቅ ጎረቤት ይሁን።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ዛሬ የሚራበው ሽማግሌ ትናንት አበጋር ሆኖ፣ ተጣልቶ የመጣውን አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውንና አርጎባውን ያስታረቀ ሰው ሊሆን ይችላል። እርቦኛል አይላችሁም፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ" ነው የሚላችሁ። ስለዚህ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ ስትሰጡትም ዕድሜ ልኩን ላዋጣበት ቅሬ የአባልነት መብቱ ነው ብላችሁ ስጡት። ሁለተኛው፣ ፎቶ አይነሳ። ዘይትና ዱቄት አስይዞ የሽማግሌን ፊት በስልክ ማሰራጨት እየተለመደ መጥቷል፤ ይህ መርዳት አይደለም፤ እኛ ዘንድ አይደረግ።

"ቅሬ ለቀብር ነው፣ ሸክም ስታበዙበት ይፈርሳል" የሚሉ አባቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ ከጦርነቱ ወዲህ መዋጮው የተዳከመ ቅሬ አለ። ለዚህ ነው ሁሉንም ሰፈር በአንድ ቀን እንጀምር የማልለው። ሁለት ወይም ሦስት ቅሬ ፈቃደኛ ከሆነ ይበቃናል። የቀብሩ ገንዘብ አይነካ፤ ለዚህ ለብቻው ደብተር ይከፈት፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ለአባል ይነበብ።

አሁን ኅዳር ነው፤ ማሽላው እየታጨደ ነው፤ ሰኔ ሳይደርስ ጊዜ አለን። ደብተሩ ላይ አስቀድሞ የሚጻፈው ስም፣ ዕድሜ፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ማን እንደሚያበስልላቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒትና ጥርስ ያላቸው መሆን አለመሆኑ ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ የቅሬ መሪዎች ከአስር ሶላት በኋላ እዚሁ እንድትቆዩልኝ እጠይቃለሁ፤ ከኢማሞቹና ከጤና ኤክስቴንሽን እህቶች ጋር ተቀምጠን የምንጀምርባቸውን ሰፈሮች እንለያለን።